ፊት የሚለይ ዲሽ

«ፊት ይለያል?» ብሎ ጠየቀ አባቴ።

ዲሽ ሻጩ በድሉ የያዘውን ሽቦ አስቀምጦ ቀና አለ። ሱቁ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ስለነበር የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት እየገባ ንግግሩን ይውጠዋል።

«አልገባኝም ጋሽ ጦና።»

«በብዙ ሰው መሀል ያለን አንድ ሰው ለአፍታ ብቻ ቢያሳዩት፣ የሚያውቀው ሰው አይቶ እሱ ነው ወይም አይደለም ማለት ይችላል?»

«እንኳን ፊት! በኤችዲ ዜና አንባቢዋ ጆሮ ላይ ያለውን ፈርጥ ይቆጥራሉ።»

አባቴ አልሳቀም። እኔ ግን እጁን እንደያዝኩ ሳቅሁ። የማን ፊት እንደሚፈለግ አውቅ ነበርና።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት የአካባቢያችን ቴሌቪዥን ጣቢያ ሰዎች ሶዶ መጥተው የቤተ ክርስቲያናችንን የልጆች ኳየር ቀርጸዋል። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በግራ ጫፍ ነበርኩ። አስተማሪያችን ዝማሬው እሁድ ከሰዓት እንደሚተላለፍ ነግራናለች። በብዙ ሰው መሀል ለአፍታ የሚታይ ፊት ከእኔ ሌላ የማን ሊሆን ይችላል?

በድሉ ሦስት ዓይነት አሳየን። መጀመሪያ እንደ ዓሣ አጥንት የተደረደረ የአሉሚኒየም አንቴና አነሳ። «ይሄ ጣሪያችሁ ላይ ካለው ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ነጠብጣቡን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ኤችዲውንም አያመጣም።» ቀጥሎ ትንሿን ዲሽ በጣቱ መታ። «እሷ ጥሩ ናት፤ ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ሲወርድ ግን ምስሉ ይቆራረጣል።» ሦስተኛው በሩን የሚያህል ነጭ ዲሽ ነበር።

«እሁድ ከሰዓት ቢዘንብስ?» አለ አባቴ።

«እሁድ ምን አለ? ኳስ ነው?»

«ቢዘንብስ ነው ያልኩህ።»

«ትልቁ ነዋ። ሰማይ ቢጠቁርም አይለቅም።»

«እንግዲያው ትልቁን።»

አባቴ የውኃ ቢሮ ሠራተኛ ነበር። ጫማ ሲገዛ እንኳ ሦስት ሱቅ ዞሮ፣ ቤት ገብቶ፣ አድሮበት ነው የሚመለሰው። ያን ቀን ግን ዋጋ እንኳ አልተከራከረም። ይህን ያህል እንደሚወደኝ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ማታ ነው። እማዬ ድንች የሚመስለውን የቦዬ ሥር ቀቅላ በሳህን ይዛ ቆማ ዜና ታይ ነበር፤ ማየት ከተባለ። አሮጌው አንቴና ሰውን ሁሉ ጭጋግ ውስጥ የሚሄድ ያስመስለዋል። ከአውቶቡስ ወጣቶች ይወርዳሉ፤ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች ይቀበሏቸዋል። ከሚወርዱት አንዱ ግራ እጁን ማጅራቱ ላይ ጣል አድርጎ ዞር አለ።

ሳህኑ ከእማዬ እጅ ወደቀ። ቦዬው እስከ እግሬ ተንከባለለ።

«እጁን አየኸው?» አለች። «ጦና፣ እጁን አየኸው?»

«አየሁ።»

«እሱ ነው።»

«አባይነሽ፣ ያየሁት እጅ ነው። ፊት አላየሁም።»

ቅቅሉ ያቃጠላት መስሎኝ ቀዝቃዛ ውኃ ላመጣ ሮጥኩ። ስመለስ ዜና አንባቢው ሙሉ ዝግጅቱ እሁድ ከሰዓት ተደግሞ እንደሚቀርብ ይናገር ነበር። እሁድ ከሰዓት የሚለውን ሰምቼ ደስ አለኝ።

ከአውቶቡሱ የወረዱት ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ በመንገድ ተይዘው፣ በየአገሩ እስር ቤት ከርመው የተመለሱ ነበሩ። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የእማዬ ታናሽ ወንድም ሻንቆ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። ለእኔ የተነገረኝ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ መሄዱ ነው። እውነቱ ግን በሞያሌ በኩል ወጥቶ፣ ድንበር ከተሻገረ በኋላ ሁለት ጊዜ ደውሎ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ሻንቆ ሲያፍርም፣ ሲጨነቅም፣ ሲስቅም ግራ እጁን ማጅራቱ ላይ ያደርጋል።

በማግሥቱ አባቴ ስለ ተመላሾቹ ሊጠይቅ ወጥቶ ሥራ አልገባም። ከሰዓት ሲመለስ እማዬ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቆመች። እኔ ከጓዳ ሆኜ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር፤ ጆሮዬን የሰጠሁት እሁድ ከሚለው ቃል ጀምሮ ነው።

«ተበትነዋል አሉኝ» አለ። «ብዙዎቹ ደግሞ በራሳቸው ስም አልተመዘገቡም።»

«ታዲያ እሱ ከሆነ ለምን ቤቱ አልመጣም?»

«የእናቱን በሬዎች አሽጦ የሄደ ልጅ ባዶ እጁን ሁምቦ ይገባል? የሆነ ከተማ ተደብቆ የቀን ሥራ ይሠራ ይሆናል። መሆኑን ካወቅን እፈልገዋለሁ። በዴሳም ቢሆን፣ ዲላም ቢሆን እሄዳለሁ። መጀመሪያ መሆኑን እንወቅ።»

«እሁድ።»

«እትዬ ጸሐዬ ቤት ዲሽ አለ። እዚያ ሄደን ብናይ...»

«በሰው ቤት አላለቅስም» አለች እማዬ። «ካለቀስኩ በቤቴ። ደግሞ ለእናቴ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ተስፋ ሰጥተን ብንነጥቃትስ? ጎረቤትም አይስማ።»

እማዬ መዝሙር ስትሰማ ሁልጊዜ ስለምታለቅስ በዚህ አልተገረምኩም። አያቴ እንዳትሰማ የተፈለገውም በድንገት እንድትደሰት መስሎኝ ነበር። ደስ የሚል ምስጢር ሆኖ አገኘሁት። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አያቴ ቦሼ ሁምቦ ሆና እንዴት ታየኛለች?

ቅዳሜ በድሉ ዲሹን በባጃጅ ጣሪያ ላይ አስሮ መጣ። ግቢያችንን ተዟዙሮ አየና ምዕራቡ ላይ ያለውን የአቮካዶ ዛፍ አመለከተ።

«ትልቅ ዲሽ መሬት ላይ በሲሚንቶ ነው የሚቆመው። ይሄ ዛፍ ግን ዓይኑን ይጋርደዋል። ይቆረጥ።»

«አይቆረጥም» አለች እማዬ።

«ቅርንጫፉን ብቻ፣ እትዬ አባይነሽ።»

«የተከለው ልጅ ሳይመጣ ማንም አይነካውም።»

በድሉ ወደ አባቴ ዞረ፤ አባቴ ወደ መሬት። «ጣሪያ ላይ ይሁን» አለ አባቴ።

«ጋሽ ጦና፣ ይህን የሚያህል ነገር ጣሪያ ላይ ነፋስ ይጫወትበታል። አንድ ጣት ፈቀቅ ካለ ምስሉ ይጠፋል። በኋላ በድሉ ሸወደኝ እንዳትሉ።»

«በሽቦ እንወጥረዋለን። አንተ ደግሞ ነገ ከሰዓት እዚሁ ትሆናለህ።»

«እሁድ ነው እኮ።»

«ምሳ እዚህ ትበላለህ።»

«ሥጋ ካለው» አለ በድሉ። ያን ጊዜ ብቻ እማዬ ፈገግ አለች።

እነሱ ከጣሪያው ጋር ሲታገሉ እኔ የእማዬን ስልክ ይዤ ከአቮካዶው ሥር ተቀመጥኩና አያቴ ጋ ደወልኩ። ያልኩትን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፤ ምስጢሩን ላለማውጣት ቃላቴን መርጬ ነበርና። በወላይትኛ ነው ያወራነው።

«እማዬ ነገ ነይ ብላለች» አልኳት።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንንም። ብቻ ነይ።»

«አባይነሽን ስጪኝ።»

«አሁን አትችልም፣ ሥራ ይዛለች። ስትመጪ ታያለሽ።»

በስልኩ ውስጥ የዶሮ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

«ሌላ ሰው ይመጣል?»

«አዎ፣ ጎረቤት ሁሉ ይመጣል።»

«ሻንቆ ደውሏል?»

«እሱ አልደወለም» አልኩ። «አንቺ ግን ቅሪና ወዮልሽ።»

«እመጣለሁ ልጄ» አለች በጣም በቀስታ፤ ስልኩም ተዘጋ።

በእኛ አገር ሰው የሞተበት ሰው እንዴት እንደሚጠራ ያኔ አላውቅም ነበር። እውነቱ በስልክ አይነገርም። ምንም አልሆነም፣ ብቻ ና ይባላል። ደርሶ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሲያይ ራሱ ይረዳዋል። ብዙ ዓመት የለመዱ መርዶ ነጋሪዎች ቢደውሉ ከእኔ የተለየ ቃል አይጠቀሙም ነበር።

ከዚያ ወደ ጎረቤታችን እትዬ ጸሐዬ ቤት ሮጥኩ። «ነገ በቴሌቪዥን እዘምራለሁ፣ ኑ» አልኳት። «የኛ በእምነት! መንደሩን ሁሉ ይዤ እመጣለሁ» አለች። ባሏ የእድሩ ዳኛ ስለነበር የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች የሚቀመጡት እሷ ግቢ ነው። ወንበር እንዳይቸግረን ብላ እሁድ ከምሳ በኋላ አራቱን አስጭና ላከችልን። አግዳሚዎቹ በአረንጓዴ ቀለም የእድሩ ስም ተጽፎባቸዋል። እነዚያ አግዳሚዎች ለቅሶ ካልሆነ ከግቢዋ አይወጡም።

እማዬ ሸክሙን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። ከኋላው እትዬ ጸሐዬ፣ ከእሷም ኋላ ወደ አሥራ አምስት ሰው ይመጣል።

«ማን ጠራቸው?» አለች ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ።

«እኔ» አልኩ።

እጇ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ጨበጠኝ። አባቴ በጆሮዋ፣ «ተያት። አሁን ሰው አይባረርም» ሲላት ሰማሁ። ከዚያ ፊቷን አስተካክላ፣ «ግቡ፣ ግቡ» ማለት ጀመረች።

ምስሉ እስከዚያ ድረስ ጥርት ያለ ነበር። እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም። የአንድ ገበሬ ሸሚዝ ላይ የተጣፈው ጨርቅ ክሩ ሳይቀር ይታያል። ሰው ሁሉ አግዳሚው ላይ ተደርድሮ በጸጥታ ያያል። ከዚያ ከዳሞታ በኩል ነፋስ ተነሳ፤ ቆርቆሮው ተንኳኳ፤ ምስሉም ተሰባብሮ ጠፋ።

አባቴ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ። «በድሉ!»

በድሉ ጣቱን እየላሰ መሰላሉን ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አቀባባይ ሆንኩ።

«መጣ?» ይላል ከላይ።

«መጣ?» እላለሁ ወደ ውስጥ።

«አልመጣም!»

«አልመጣም!» እላለሁ ወደ ላይ።

«አሁንስ?»

አባቴ ሰዓቱን ያያል። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። አንድ ወጣት፣ «ጋሽ ጦና፣ አይጨነቁ፣ የበእምነት መዝሙር ነገም ይደገማል» አለ። ውስጡ እንደገና ጸጥ አለ።

አያቴ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው።

ከበሩ ሆኜ ከሁሉም ቀድሜ አየኋት። ሁለት የሁምቦ ሴቶች አብረዋት አሉ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ሌላ ጊዜ ከመንገዱ ጀምራ ስሜን እየጠራች ነበር የምትመጣው፤ ያን ቀን አልጠራችኝም። በረንዳው ላይ የተደረደረውን ጫማ አየች። አልፋኝ ገባች። የእድሩን አግዳሚዎች፣ ዝም ብለው የተቀመጡትን ሰዎች፣ ቆሞ የሚጠብቀውን አባቴን አየች። በድሉ ከላይ «አሁንስ?» አለ። እሷ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ጮኸች።

«ሻንቆ! ልጄ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። እትዬ ጸሐዬ ብድግ አለች። ቦሼ ነጠላዋን አስራ፣ ሰው አስከትላ ስትመጣ መርዶውን ይዛ የመጣች መስሏት፣ «ወይኔ ሻንቆ!» ብላ ደረቷን መታች። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ተነሱ። እማዬ እናቷን አየች፤ ጎረቤቶቿን አየች። ከሁምቦ ወሬ ደርሶ ከእሷ በስተቀር ሁሉም ያወቀ መሰላት። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አንድም ሰው ሞተ ሳይል ሻንቆ ያን ሰዓት እኛ ቤት ውስጥ ሞተ።

እኔ ምን አደረግሁ? አቀባባይ ነበርኩና ወደ ላይ፣ «አልመጣም!» አልኩ።

ያላለቀሰው አባቴ ብቻ ነው። አያቴን ክንዷን ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰዳት።

«ማን ነገረሽ?»

«እናንተ!»

«እኛ ምንም አላልንም።»

«ጠርታችሁኝ!»

«እትዬ ጸሐዬ፣ ለአንቺስ ማን ነገረሽ?»

እትዬ ጸሐዬ እንባዋን ሳትጠርግ ወደ አያቴ ጠቆመች። «እሷ ይዛ የመጣች መስሎኝ...»

«ማን ጠራሽ?» አለ አባቴ አያቴን፣ አሁን በጣም ቀስ ብሎ።

«በእምነት» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እኔን እንድታየኝ ነው» አልኩ።

ጣሪያው ላይ ቆርቆሮው ተንቋቋ። ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ወጣ፤ ወዲያው ምስሉ ገባ። አውቶቡሱ ቆሟል። በሩ ተከፍቷል። አባቴ ሰዉን እየገፋ ሄዶ ስክሪኑ ፊት ተንበረከከ። «ዝም በሉ» አለ። «እባካችሁ ዝም በሉ።»

አንድ በአንድ ወረዱ። የከሱ ወጣቶች ናቸው። የአንዱ ጫማ ማሰሪያ የለውም። የሌላው ከንፈር ተሰንጥቋል። ከዚያ ያ ሰው መጣ። ግራ እጁን ማጅራቱ ላይ ጣል አደረገና ወደ ካሜራው ዞረ። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ታየ።

አያቴ ከሁሉም ቀድማ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ እንዲገባ ብላ ወንድና ሴት በማትለይበት አማርኛዋ፣ «ይሄ የማን ልጅ ነች?» አለች።

«ከስቶ ነው» አለች እማዬ ከወለሉ ላይ። «እስር ቤት እኮ ነው የከረመው። ጦና፣ ከስቶ ነው አይደል?»

አባቴ አልዞረም።

«ዲሹ ነው» አለች እማዬ። «ነፋሱ አጣሞታል። ፊት ያረዝማል። አታዩም እንዴ ፊት ሲያረዝም?»

አውቶቡሱ ባዶ ሆነ፤ አንድ ባለሥልጣን ንግግር አደረገ፤ ሙዚቃ ገባ። ከዚያ ያለ ምንም ማስታወቂያ የልጆቹ ኳየር ብቅ አለ። ሁለተኛው ረድፍ፣ ግራ ጫፍ። አፌን በሰፊው ከፍቼ እዘምራለሁ። ካሜራው ቀረበኝ። ቅንድቤ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር ታየች፤ ሻንቆ አቮካዶው ላይ ከሠራልኝ ዥዋዥዌ ወድቄ ያገኘኋት ጠባሳ።

እማዬ ስክሪኑን አየች። ከዚያ ዞራ እኔን አየች፤ ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ አገጬን። እንደገና ስክሪኑን። እንደገና እኔን። እንዲያ አተኩሮ ያየኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ስላኮራኋት መስሎኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ዛሬ ዱቦ ውስጥ በአንድ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። በየጠዋቱ የታማሚ ደም ከመመርመራችን በፊት ውጤቱን አስቀድመን የምናውቀውን ናሙና ማሽኑ ውስጥ እናስገባለን። የምናውቀውን በትክክል ካነበበ፣ የማናውቀውንም ሲነግረን ማመን ግዴታችን ነው፤ ብንጠላውም። ይህን ሥራ ስሠራ አልፎ አልፎ የእማዬ ዓይን ትዝ ይለኛል፤ ከስክሪኑ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ስክሪኑ።

አያቴ የወገቧን ነጠላ ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ለሞተ እንዳታለቅስ አልሞተም፤ ለመጣ እልል እንዳትል አልመጣም። ዛሬም እንደዚያው ነው። አቮካዶው አልተቆረጠም፤ ቅርንጫፉ ጣሪያውን ካለፈ ቆየ።

እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። በሰዎቹ መሀል አልፋ ወደ በረንዳው ወጣች። በድሉ ከመሰላሉ እየወረደ ነበር፤ ላይ ሆኖ ለቅሶውን ሰምቶ ምን ማለት እንዳለበት ጨንቆታል።

«እትዬ አባይነሽ፣ ገባ? ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው» አለችው። «በደንብ ይለያል።»

ስለ እኔ መናገሯ ነው ብዬ ከአጠገቧ ቆምኩና እስክታመሰግነኝ ቀሚሴን አስተካክዬ ጠበቅኋት።